የተላጠው ውጅግራ

አያቴ ያወረሱን ውጅግራ ጠመንጃ ዛሬ ዋጃ፣ በታላቅ ወንድሜ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያብረቀርቃል። ሰደፉ በቫርኒሽ የተወለወለ አዲስ ዋንዛ ነው፤ ብረቱም በግራይንደር ተልጦ እንደ ማንኪያ ነጥቷል። እንግዳ ሁሉ «ምን የመሰለ መሣሪያ!» ይላል። እኔ ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

የድሮው ሰደፍ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁን ያልተለፋ የበሬ ቆዳ እርጥቡን ሰፍተውበት፣ ሲደርቅ ጨምድዶ ይዞት ነበር። ስፌቱ ወፍራም ነበር፤ የቆዳው ጠርዝ በእጅ ወዝ ጠቁሮ ነበር። የአያቴ ልጅ እትዬ እንደነገሩን፣ አያቴ ያን ቆዳ የሰፉት ከማይጨው መልስ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ከተዋጉ በኋላ ሠራዊቱ በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍግ፣ ሰደፉ ድንጋይ መትቶት ተሰነጠቀ። ብረቱ ላይ ደግሞ የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስም፣ የ1874 ሞዴል መሆኑ፣ ከዚያም ቁጥሩ ተመትቶ ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ሲይዙ ውጅግራ ትርፍ ሆነባቸው፤ ብዙው በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ገባ፤ ዓድዋም ላይ ተተኮሰ። የእኛውን ቁጥር ግን የጻፈው የለም። ፎቶ እንኳ አልተነሣም፤ የሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ስልክ እያለ!

ወንድሜ ልጁን ሊድር ሲነሣ ቤቱ ተቀባ፣ ወንበሩ ተቀየረ፣ ጠመንጃውም «ይታደስ» ተባለና አናጢ ቤት ገባ። ለተኩስ እንዳይባል፣ የ11 ሚሊሜትር ጥይቱን ዛሬ ገበያ ላይ የሚያውቀው የለም። ዝገቱም የላይ ዝገት ነበር፤ ጨርቅና ዘይት ይበቃው ነበር። ብረት ሲላጥ ዝገቱ ብቻውን አይሄድም፣ ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል። ውጭ አገር አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎችም ከታደሰው ይልቅ ያልተነካውን ነው በውድ የሚገዙት። የእኛ ሰው ግን ያረጀ ነገር ያሳፍረዋል።

ለሰርጉ ስመጣ ነገሩ አልቆ ነበር።

«አያ፣ ቆዳውስ?»

«የቱ ቆዳ? ያ ያረጀው? አናጢው ጣለው መሰለኝ። እስቲ እየው፣ አላማረም?»

እትዬን አስመጥተን አሳየናቸው። ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የሰደፉን አንገት በእጃቸው ዳበሱ፣ ደግመው ዳበሱ። «ይሄ የማነው?» አሉ። ወንድሜ «የአባትሽ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ስለ ማይጨው ከዚያ ወዲህ ብጠይቃቸውም «ምን ያደርግልሃል» ይሉኝ ነበር፤ ካረፉም ቆዩ።

ቆቦም ሆነ አላማጣ፣ ጥሙጋም ሆነ ዋጃ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁ አላችሁ። ሰርግ ሲደርስ ቤታችሁን ቀቡ። ጠመንጃውን ወደ አናጢ ከመላካችሁ በፊት ግን ቁጥሩን ጻፉ፣ ፎቶ አንሡት፣ ቆዳውን ማን እንደሰፋው ሽማግሌ ጠይቁ። ከጠየቃችሁም በኋላ አትላኩት።