የነፃነት ቃልና የሰፈራችን እድር

ከጉርድ ሾላ ተነሥተን በመገናኛ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ መመላለስ ከጀመርን ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው። በሰፈራችን «አሜሪካ» የሚለው ቃል ለማንም እንግዳ አይደለም። በልጅነታችን በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ፎቶ ቤቶቹ ነጭ መጋረጃ ይሰቅሉ ነበር፤ ጎረቤቱም ፀጉሩን አበጥሮ፥ ነጠላውን አስተካክሎ ለዲቪ ፎቶግራፍ ለመነሣት ይሰለፍ ነበር። «እዚያ እኮ ነፃነት አለ» ሲባል እየሰማን አደግን። ስለዚህም ነፃነት ማለት በሩቅ አገር የሚበቅልና ሄደው የሚቀጥፉት ፍሬ ይመስለን ነበር። ዕድል የወጣለት ይበላዋል፤ ያልወጣለት የከርሞ ሰው ይበለን ብሎ ይቀመጣል።

ዩኒቨርሲቲ ገብተን ጥቂት መጻሕፍት ካገላበጥን በኋላ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ተረዳን። ፍሬው ሳይሆን ቃሉ ራሱ ወደ አገራችን ከመጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንባቢው ቢታገሠን ይህንን በአጭሩ እናስረዳለን።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውዳቸውን 25ኛ ዓመት ባከበሩበት ሰሞን፥ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም.፥ የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት አወጁ። በዝግጅቱ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ተካፋይ ነበሩ። የዚህ ሕግ አንቀጽ 37 ማንም ሰው የሕግን እኩል ጥበቃ እንዳይነፈግ ያዛል፤ አንቀጽ 43 ደግሞ ማንም ሰው በሕግ ሥርዓት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን፥ ነፃነቱንና ንብረቱን እንዳያጣ ይከለክላል። የአሜሪካንን ሕገ መንግሥት ያነበበ ሰው እነዚህን ቃላት ባያቸው ጊዜ የቆየ ወዳጁን መንገድ ላይ እንዳገኘ ያህል ይለያቸዋል። ሁለተኛው አሳብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1791 በጸደቀው በአምስተኛው ማሻሻያ፥ የመጀመሪያው ደግሞ በ1868 በጸደቀው በአሥራ አራተኛው ማሻሻያ ውስጥ ይገኛሉ። ይሁንና በዚያው በእኛ ሰነድ አንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፥ ክብራቸው የማይደፈር፥ ሥልጣናቸውም የማያከራክር መሆኑ ተደንግጓል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አባወራ እንደ ማለት ነው። የትኛው እንደሚታዘዝ ለመገመት የሕግ ሊቅ መሆን አያሻም።

አሁን ዓይናችንን ወደ አሜሪካ እንመልስ። አዋጁ በወጣ በ27ኛው ቀን፥ ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም.፥ እናቶቻችን ኅዳር ጽዮንን ሲያከብሩ በዋሉበት ዕለት፥ በአላባማ በሞንትጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ የምትባል ጥቁር ልብስ ሰፊ ከሥራዋ ስትመለስ በአውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም አለች። ፖሊስ ያዛት። የሕግ እኩል ጥበቃ የሚለው ቃል በአገሯ ሕገ መንግሥት ከተጻፈ በዚያን ጊዜ 87 ዓመት ሆኖት ነበር። ቃሉ ነበረ፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ የከተማው ጥቁር ሕዝብ በየቤተ ክርስቲያኑ እየተሰበሰበ ተመካከረ፤ 381 ቀን ሙሉ አውቶቡስ አንሳፈርም ብሎ ከፊሉ በእግሩ፥ ከፊሉ በጋራ መኪና ተመላለሰ። በመጨረሻም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶቡስ ውስጥ ሰውን በቀለም መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን መሆኑን አጸና።

እንግዲህ ያው አንድ ቃል በአንድ ሰሞን በአዲስ አበባ ከዙፋን ወርዶ በወረቀት ላይ ተቀመጠ፤ በሞንትጎመሪ ደግሞ ከወረቀት ተነሥቶ በአንዲት ሴት አፍ ገባ። ዓለም ከአሜሪካ የተማረው ታላቅ ነገር የትኛው ነው ቢሉን፥ ሁለተኛው ነው እንላለን።

የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ይህን ቃል ለሌላው ሕዝብ ሲያደርስ ሁልጊዜ እጁ ንጹሕ ነበር ለማለት አይቻልም። በ1945 ዓ.ም. ከአገራችን ጋር ስምምነት ተፈራርሞ ለዙፋኑ ጦር መሣሪያና ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ በአስመራም የቃኘው ጣቢያን ይዞ ነበር። በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረው ግርማሜ ንዋይ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በወላይታ ገዥ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለማደል ሞከረ፤ ወደ ጅጅጋም ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር በዙፋኑ ላይ ሲነሣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ደግሞ «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ከአሜሪካኖች መምህራን ጭምር የተማሩ ነበሩ፤ ቆየት ብለውም የአሜሪካንን መንግሥት በቬትናም ጦርነት ወቀሱት። ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ በኋላ ባለቤቱን ራሱን መልሶ ይጠይቃል።

ያ ሕገ መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ታገደ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑ፥ በአንቀጽ 29 አሳብን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቃል አላጣንም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ዓመት ለፈተና አጥንተን ጥሩ ማርክ አገኘንበት። ፈተናውን ባለፍንበት ሳምንት፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ የሰፈራችን እድር ስብሰባ ነበረው። እጅ ጽሑፋችን ያምራል ተብሎ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ የጸሐፊው ረዳት ሆነን መዝገቡን የምንይዘው እኛ ነን። በድንኳኑ ጫፍ ባለችው ጠረጴዛ ላይ መዝገባችንን ዘርግተን ተቀመጥን።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ባልቴት ከአግዳሚው ተነሡ። የሦስት ወር መዋጮ ሳይከፍሉ በመቅረታቸው ስማቸው ተሠርዞ ነበር። ሦስት ወር ታመው እንደተኙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምሕረት አልለመኑም። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አሉ። «ሌላው ሰው አምስት ወር ቀርቶ በቅጣት የተመለሰው በየትኛው ደንብ ነው?»

ዳኛው ፈገግ ብለው፥ «እማማ፥ ደንብ ደንብ ነው፤ ይቀመጡ። ገና ብዙ ጉዳይ አለብን» አሉ።

«ላስረዳ እንጂ፥ ልጄ።»

«ይቀመጡ ብያለሁ።»

ባልቴቷ ዙሪያውን ተመለከቱ። ዓይናቸው በእኛም ላይ ጥቂት ቆየ። አምስት ወር የቀረው ነጋዴ በቅጣት እንደተመለሰ በገዛ እጃችን የጻፍነው እኛ ነን፤ ገጹንም እናውቀዋለን። ግን ዝም አልን። ለምን ቢባል፥ ዳኛው የአባታችን ወዳጅ ናቸው፤ አባታችን ሥራ በፈታ ጊዜ የደብተራችንንና የዩኒፎርማችንን ዋጋ የቻሉ እርሳቸው ናቸው። ፖሊስ አልነበረም፤ ያስፈራራንም ሰው የለም። አፋችንን የያዘው ይሉኝታ ነው። በዚያ ሳምንት ስለ ንግግር ነፃነት አራት ገጽ የጻፈው እጃችን በመዝገቡ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

በዚህ ጊዜ ከኋላ አንድ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ተነሣ። መዋጮውን ሲከፍል በጣቱ የሚፈርም ሰው ነው። «ደንብ ከሆነ ለሁሉም ይሁን፤ ካልሆነም ለሁሉም ይቅር። እማማ ይናገሩ» አለ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። «እውነቱን ነው» የሚሉ ድምፆች ተሰሙ። ዳኛው ወደ እኛ ዞረው «መዝገቡን አንብብ» አሉ። ገጹን ገልጠን አነበብን። ድምፃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጉዳዩ ብዙ ሳያከራክር ባልቴቷ እንደ ነጋዴው ቅጣታቸውን ከፍለው እንዲመለሱ ተወሰነ።

ስብሰባው ሲበተን ባልቴቷን እስከ ቤታቸው ደጃፍ ሸኘናቸው። በመንገድ ላይ ምንም አልተናገሩም። በራቸውን ሲከፍቱ ግን ቀስ ብለው፥ «ልጄ፥ መዝገቡ እኮ ያንተ እጅ ላይ ነበር» አሉን። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብን። የአሜሪካን የነፃነት አሳብ ለዓለም ጠቅሟል ወይስ ጎድቷል እያሉ ጓደኞቻችን በካፍቴሪያ ሲከራከሩ እንሰማለን። አንዱ የአገሩን ሕግ ያመሰግናል፤ ሌላው የጦር መርከቡን ይቆጥራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም ነፃነትን የሌላ ሰው ዕቃ፥ የሚላክልን ወይም የሚከለከለን አድርገው ያዩታል። በ27 ቀን ልዩነት የሆኑት ሁለት ነገሮች ያስተማሩን ግን ሌላ ነው። ቃሉን ማንም ለማንም ሊያውሰው ይችላል፤ በሚታወቅበት ሰፈር፥ በሚያፍረው ሰው ፊት፥ ዋጋ እያስከፈለው የሚናገረው ሰው ካልተገኘ ግን ቃሉ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ሮዛ ፓርክስ በዚያው ሰሞን ከሥራዋ ተባርራለች። የእኛ የቀን ሠራተኛ ዋጋውን ከፍሎ እንደሆነ ገና አላየንም፤ ዳኛው ግን ሰላምታ እንደነፈጉት አይተናል።

እኛም ዘግይተን አንድ ነገር አደረግን። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እጃችንን አውጥተን፥ ማንኛውም እድርተኛ ከመሠረዙ በፊት ከዚያ ቀደም በተመሳሳይ ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ከመዝገቡ ይነበብ ዘንድ አሳብ አቀረብን። ጉልበታችን ይብረከረክ ነበር። አሳቡ በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ዳኛው አሁን «ደኅና ዋልክ» ብለውን ሲያልፉ ዓይናችንን አያዩም፤ አባታችንም ለሁለት ቀን አኮረፈን። ይህ ከሞንትጎመሪ 381 ቀን ጋር ሲመዘን ምንም ነው። ቢሆንም ከአራት ገጽ የፈተና ጽሑፋችን ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ብዙዎቻችን መዝገብ ያዦች መሆናችን አይቀርም፤ በመሥሪያ ቤት፥ በትምህርት ቤት፥ በፍርድ ቤት። የተጻፈውን የምናውቅ እኛ እንሆናለን። አንዲት እናት ተነሥታ «ላስረዳ» ስትል፥ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እስኪቀድመን ድረስ አንጠብቅ።