ታንክ ሸጠው የሠሩት ትምህርት ቤት

ከቦሎኛ ወደ ሚላኖ የሚወስደው ባቡር ሞዴናን እንዳለፈ ሬጆ ኤሚሊያ ይደርሳል። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ የከብት መኖ የሚበቅልበት ማሳ፣ የላም በረት፣ ፓርሚጃኖ የተባለው አይብ ለወራት ተደርድሮ የሚቆይበት መጋዘን። ከተማዋ 170 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት። የጣሊያን ባለሦስት ቀለም ሰንደቅ ዓላማ መጀመሪያ የታወጀው በ1797 በዚህችው ከተማ ነው (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከብራዚል፣ ከጃፓን፣ ከስዊድን መምህራን እየተጠራሩ የሚመጡት ግን ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች የሚውሉባቸውን የማዘጋጃ ቤቱን ትምህርት ቤቶች ለማየት ነው። እኔንም ያመጣኝ ይኸው ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ታሪክ የሚጀምረው ከተማዋ ነጻ በወጣችበት በ1945 ጸደይ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ቪላ ቼላ በምትባል መንደር፣ ጀርመኖች ሲሸሹ ጥለውት የሄዱት አንድ ታንክ፣ ሦስት ካሚዮንና ስድስት ፈረስ ነበር። መንደርተኛው እነዚህን ሸጠ። ገንዘቡ ለምን ይዋል ተብሎ ሲመከር፣ ወንዶቹ ቴአትር ቤት ሴቶቹ ደግሞ የሕጻናት ትምህርት ቤት ይሠራበት አሉ ይባላል። የሴቶቹ ሐሳብ ጸና። ጡቡ በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች ተለቀመ፣ አሸዋው ከወንዝ ተዛቀ፣ ሥራው ማታ ማታና በእሑድ ቀን በደቦ ተሠራ። ሎሪስ ማላጉትሲ የተባለ የ25 ዓመት መምህር ወሬውን ሰምቶ እውነት መሆኑን ሊያይ በብስክሌት ሄደ። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1994 ድረስ፣ ከዚህ ሥራ አልተለየም።

ይህን ታሪክ ኢትዮጵያዊ ሆኖ እዚያው ቆሞ መስማት የተለየ ስሜት አለው። እነዚያን ገበሬዎች ከሃያ ዓመት በላይ ረግጦ የገዛው ፋሺዝም፣ በ1928 ዓ.ም. እኛ ላይ ዘምቶ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው፣ የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባን በደም ያጠበው ያው ፋሺዝም ነው። በ1960ዎቹ የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት ሬንዞ ቦናትሲ፣ ሬጆ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ለምን እንደፈለገች ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ፋሺዝም ያስተማራቸው ያለ ጥያቄ የሚታዘዝ ሰው አደገኛ መሆኑን ነው ብለዋል። አዲስ ኅብረተሰብ ለመገንባት ደግሞ በራሱ የሚያስብና በራሱ የሚሠራ ልጅ ማሳደግ ግድ ሆነባቸው። እዚህ ያየሁት የውሎ ፕሮግራም ሁሉ፣ ከሸክላውና ከቀለሙ እስከ ምሳ ጠረጴዛው፣ ከዚህ ሐሳብ የመነጨ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የከፈተው በ1963 ነው። ዛሬ አንዱ ዘንድ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት ፒያሳ የሚሉትን ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ክፍሎቹ ሁሉ ወደ እሱ ይከፈታሉ። ወጥ ቤቱ የተደበቀ አይደለም፤ ልጆቹ የምግብ ሠራተኞቹን ያያሉ፣ በተራቸውም ጠረጴዛ ያሰናዳሉ። አንዱን ክፍል እኩል ማዕረግ ያላቸው ሁለት መምህራን ይይዙታል። ልጆቹም መምህራኑን በስማቸው ይጠሯቸዋል። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አቴሊየ የሚባል የእጅ ሥራ ክፍል አለ፤ ኃላፊዋ ሥነ ጥበብ የተማረች ባለሙያ ናት። ሸክላ፣ ሽቦ፣ ከሰል፣ ብዙ ዓይነት ወረቀትና ቀለም በልጆቹ ቁመት ልክ ተደርድሯል። ማላጉትሲ ልጅ የሚናገርበት መንገድ ብዙ ነው፣ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ይቀማዋል ይል ነበር። አቴሊየው የተሠራው ያ እንዳይሆን ነው።

በጎበኘሁት አንድ ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ጠዋት ፍራፍሬ ከበሉ በኋላ ክብ ሠርተው ቀኑን መከሩ። ከዚያ በትንንሽ ቡድን ተከፋፈሉ። እኔ አራት ልጆች በአሮጌ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ዙሪያ የሚሠሩትን ለማየት ቁጭ አልኩ። አንዲት ልጅ ከግቢ ያመጣችውን ቅጠል መስተዋቱ ላይ አኖረች። ቅጠሉ ግድግዳው ላይ ከእሷ ቁመት በልጦ ታየ። ሮጣ ሄዳ ልትይዘው እጇን ስትዘረጋ የቅጠሉ ጥላ ክንዷ ላይ አረፈ።

«አሁን ቅጠሉ እኔ ላይ ነው» አለች።

«አይደለም፤ ቅጠሉ እዚያ ነው፣ ይኼ መልኩ ነው» ሲል አንዱ ተቃወማት።

መምህርቷ የማን ልክ እንደሆነ አልተናገረችም። የሁለቱንም ቃል እንደወረደ ደብተሯ ላይ ጻፈችና «ታዲያ ይህን እንዴት እናረጋግጣለን?» አለቻቸው። ልጁ ቅጠሉን ከመስተዋቱ አነሳው፤ ግድግዳውም ባዶ ሆነ። ልጅቷ ግን አልተረታችም። «እንግዲያው መልኩም አብሮት ሄደ» አለች። መምህርቷ ይህንንም ጻፈች።

የፕሮግራሙ ሞተር ይህች ደብተር ናት። መምህራኑ ከሰዓት በኋላ ማስታወሻቸውን፣ ፎቶግራፉንና የልጆቹን ሥዕል አቅርበው ይመክሩበታል፤ ነገ ምን እናቅርብላቸው የሚለው ከዚያ ይወጣል። ብዙ ትምህርት ቤቶችን የምትረዳ የትምህርት አማካሪም አብራቸው ትሠራለች። አንድ ጥያቄ ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ሦስት ወርም ሊወስድ ይችላል። ልጆቹ ያሉትና የሠሩት ነገር ተመርጦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ወላጅ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ልጁ ምን ሲያስብ እንደዋለ ያነባል።

እዚህ ሁሉም የሚያውቀውን የጠረጴዛ ታሪክ ልንገራችሁ። ኒውስዊክ መጽሔት በ1991 ከዓለም ምርጥ ትምህርት ቤቶች አንዱ ብሎ በመረጠው በዲያና ትምህርት ቤት፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ጎደለ። ሌላ ቦታ ቢሆን ዳይሬክተሩ አናጢ ጠርቶ ያዛል። እዚህ ጉዳዩ ለልጆቹ ተሰጠ። አናጢው ልኩን አምጡልኝ አላቸው። ልጆቹ በጣት ለኩ፣ በስንዝር ለኩ፣ በእግርና በጭንቅላታቸው ሳይቀር ለኩ፤ የአንዱ ልክ ከሌላው አልገጥም አለ። በኋላ የአንዱን ልጅ ጫማ መለኪያ አደረጉ። በመጨረሻ ወደ ሜትር ደረሱ። መምህራኑ ሜትሩን በመጀመሪያው ቀን ማቀበል ይችሉ ነበር። ቢያደርጉት ኖሮ ልጆቹ ሜትር የሚባል ዕቃ ያውቁ ነበር እንጂ ሰው ለምን የጋራ መለኪያ እንዳስፈለገው አይረዱም ነበር።

ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ገንዘብማ ያስፈልጋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ለዘመናት ሳያቋርጥ መድቦበታል፣ ወላጅም እንደ ገቢው ይከፍላል። መሣሪያው ግን ውድ አይደለም። ከ1996 ጀምሮ ሬሚዳ የተባለ ማዕከል ከፋብሪካዎች የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ካርቶን፣ ፕላስቲክና ቆዳ እየሰበሰበ ለትምህርት ቤቶች ያድላል። በስሙ የተሰየመው የማላጉትሲ ማዕከልም ቢሆን የቀድሞ የአይብ መጋዘን ነው።

በአገራችን ከተሞች አንድ ወላጅ ኬጂ ሲመርጥ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ እንግሊዝኛው እንዴት ነው፣ የቤት ሥራ ይሰጣል ወይ፣ ልጁ ዩ ኬጂ ሳይደርስ ያነባል ወይ። የአራት ዓመት ልጅ ደብተር ተሸክሞ ይሄዳል፣ ሚስ የጻፈችውን ይገለብጣል፣ በኅብረት ይደግማል። መንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ደግሞ ዜሮ ክፍል መከፈቱ ብዙ የድሃ ልጅ በር አግኝቶ እንዲገባ አድርጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዲት መምህርት ለስንቱ ልጅ ትድረስ የሚለው ግን ገና መልስ አላገኘም። ወላጁንም መምህርቷንም አልወቅስም። ወላጁ ልጁ ወደኋላ እንዳይቀር ይሰጋል፣ መምህርቷም የምታስተምረው በተማረችበት መንገድ ነው።

ፊደል ላይ ለሚሰጋ ወላጅ አንድ ያየሁትን ልንገር። በሬጆ እያንዳንዱ ልጅ ስሙ ያለበት የፖስታ ሣጥን አለው። ጓደኛው ሥዕል ይልክለታል፣ ቅጠል ይልክለታል፣ ቀጥሎ የስሙን ፊደል፣ ቀጥሎ ቃል ይልክለታል። ልጁ ለመጻፍ የሚታገለው የሚጽፍለት ሰው ስላለው ነው። ፊደል በዚህ መንገድም ይመጣል፣ ያውም ተወዶ።

ሬጆን ወደ እኛ አገር ገልብጡ አልልም፤ ማላጉትሲም ትምህርቱ እንደ ሞዴል እንዲገለበጥ አልፈለገም። ሃምሳ ልጅ የያዘች መምህርት ግን ከነገ ጀምሮ የምትችለው ነገር አለ። በቀን አምስት ልጅ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ጭቃ ወይም ጠጠር ወይም የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ፣ እና ልጆቹ የሚሉትን የምትጽፍበት ደብተር። የጻፈችውን በር ላይ ትለጥፈው። ወላጁ የልጁን ሐሳብ ሲያነብ ጥያቄው ይለወጣል፤ «ስንት ፊደል ለየ?» የሚለው «ይህን ከየት አመጣው?» ይሆናል።

በአራት ዓመቱ «ይህን እንዴት እናረጋግጣለን?» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ በሠላሳ ዓመቱ ሹሙንም፣ ነጋዴውንም፣ ወሬ ያመጣለትንም ያንኑ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። ፋሺዝምን ያዩት የሬጆ ሰዎች የደረሱበት ይህ ነው። የሕጻናት ትምህርት ቤት የልጅ ማቆያ ሳይሆን የአገር ጉዳይ ነው የምለውም ለዚህ ነው።