ስለ ወንድሜ የተናገርኩት ውሸት

ይህ የምጽፈው ነገር አንድ ዓመት ሙሉ ከእናንተ የደበቅሁት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ አባቴ በግ አርዶ ጎረቤቱን ሁሉ ጋበዘ። በሁለተኛው ዓመት ግን ወንድሜ ለማንም ሳይናገር ወደ ደባርቅ ተመለሰ። ሌሊት አይተኛም፤ እንጀራ ቢቀርብለት አይቆርስም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከምድጃው አጠገብ ዝም ብሎ ይውላል። አንዱ «ትምህርት በዛበት» ሲል ሌላው «ተለክፎ ነው» አለ። እናንተ ስትጠይቁኝ እኔ «ለዕረፍት መጥቶ ነው» አልኩ። አፍሬበት ነበርና።

እናቴ ጠበል አስጠመቀችው። በኋላም አንዲት ነርስ «ጠበሉን አትተዉ፥ ግን ሐኪምም ይየው» ብላ መከረችን። ስለዚህ በዳባት አድርገን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደረስን። በድሮ ዘመን ለእንዲህ ያለው ሕመም አዲስ አበባ፥ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ ግድ ነበር፤ ዛሬ ጎንደርም የአእምሮ ሐኪም አለ።

ወንድሜ በሐኪሙ ፊት ተናገረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት አካባቢ ከደረሰ ወዲህ እንቅልፉ እንደ ተረበሸ፥ ዩኒቨርሲቲም ገብቶ እንደ ባሰበት፥ ሰነፍ እንዳይባል ግን ለማንም እንዳልነገረ አወራ። እኔም ከጎኑ ስተኛ የኖርኩ ወንድሙ ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሐኪሙም «ይህ ድብርት የሚባል ሕመም ነው፤ ስንፍናም እርግማንም አይደለም» ብሎ መድኃኒትና የቀጠሮ ቀን ሰጠው።

በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ነበረ፤ እርሱ ግን በሩን አንኳኩቶ አያውቅም። የታመመ ተማሪ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ ትምህርቱን በሥርዓት አቋርጦ፥ ሲሻለው ሊመለስ እንደሚችልም አላወቀም። ሳይናገር በመውጣቱ ቦታውን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አባቴ ማስረጃውን ይዞ ብዙ ተመላለሰ፤ በመጨረሻም ተፈቀደለት።

ዘንድሮ ወንድሜ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ አንዳንድ ሌሊት አሁንም ይከብደዋል፤ ነገር ግን ስልክ ደውሎ ይነግረኛል። ይህን እንድጽፍ ፈቃዱን ብጠይቀው «ስሜን ተወው እንጂ ጻፈው» አለኝ።

እናንተ ዘንድሮ የምትፈተኑ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ዩኒቨርሲቲ ስትደርሱ መኝታ ቤታችሁንና ቤተ መጻሕፍቱን እንደምትጠይቁ ሁሉ የምክር አገልግሎቱንም ቢሮ ጠይቁ። ወላጆችም ልጃችሁ ዝም ሲል ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁት። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ የወንድሙን በሽታ የደበቀም እንዲሁ ነው።