ድሪቶ

ሰው መልካ ወረር ላይ ተቀምጦ ብርድ ልብስ ይሰፋል? እትዬ በግንቦት ደውላ «ነይና አብረን እንስፋ» ስትለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሙቀቱ ጭንቅላቷን ነክቶት ይሆናል የሚል ነው። ላላያችሁት፣ መልካ ወረር ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ላይ አዋሽ ዳር የተቀመጠ የጥጥ አገር ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ አርባን ሲያልፍ ሰዉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። አንሶላ እንኳን ጠላት ነው። ብርድ ልብሱ ግን ለእሷ አይደለም፤ ሚኒሶታ ለምትኖረው ልጇ ነው። እዚያ ደግሞ ክረምቱ የሰው ትንፋሽ ጢም ላይ የሚያደርቅ ነው ይባላል።

ነገሩ የጀመረው ከጥቅሉ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ከዶፈን ሥር እንፋሎት ሲወጣ፣ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ሄዶ ነበር። እትዬም አንድ ሌሊት ግድግዳዋ ሲንቋቋ ከቤት ሮጣ ወጣች። ይዛ የወጣችው ምን መሰላችሁ? ቴሌቪዥኗን አይደለም። የባንክ ደብተሯንም አይደለም። ከአልጋ ሥር የነበረ፣ በአሮጌ አንሶላ የተቋጠረ የጨርቅ ጥቅል ነው። «ምነው እትዬ?» ብላት «እኔ እንጃ፣ እጄ ያገኘው እሱን ነው» አለችኝ። ሦስት ሌሊት ግቢዋ ውስጥ ጥቅሉን ተንተርሳ አደረች። መሬቱ ሲረጋ ፈታችው፤ ፈታ ስታየው ደግሞ መልሳ መቋጠር አቃታት።

ለልጇ በስልክ ስትነግራት ልጅ ሆዬ ዐሥራ ሁለት ገጽ ንድፍ አሳትማ በሰው ላከች። ፈረንጆቹ «ኩዊልት» የሚሉት፣ ከላይ የተቀጣጠለ ጨርቅ፣ ከመሐል ጥጥ፣ ከሥር ገበር ሆኖ ሦስቱ ባንድነት በመርፌ የሚጠቀጠቁበት የአልጋ ልብስ ነው። ይኼኛው ደግሞ «ሳምፕለር» ይባላል፤ የናሙና ማለት ነው። ዐሥራ ሁለት ካሬ አለው፤ እያንዳንዱ ካሬ በንድፉም፣ በአሰፋፉም ከሌላው ይለያል። አንዱ በቀጥታ የሚጋጠም፣ ሌላው የሚለጠፍ፣ ሌላው በወረቀት ላይ እየታጠፈ የሚያያዝ። ለሃያ ዓመት ስነ ጽሑፍ ላስተማረ ሰው ይኼ ግልጽ ነው። መድበል ነው። መድበል ያዘጋጀ ሁሉ ደግሞ የሚያውቀው ጣጣ አለ፤ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር፣ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ።

የመጀመሪያው ጠብ ግን በጨርቅ አልነበረም፤ በቃል ነው። ንድፉን ገልጬ ሳየው አፌ አምልጦኝ «ይሄማ ድሪቶ ነው» አልኩ።

እትዬ መርፌዋን አስቀመጠች። «እኔ ለልጄ ድሪቶ ልላክ?»

ልክ ናት። ድሪቶ በእኛ ቋንቋ የቸገረው ሰው ልብስ ነው። በላይ በላዩ የተጣፈ፣ ዋናው ጨርቅ የቱ እንደሆነ የጠፋበት። «ድሪቶ ለባሽ» ስድብ ነው። ግሱም ከስሙ አይሻልም፤ እንደ ነገሩ የሚጽፈውን ሰው «ይደርታል» እንላለን። (እኔም ስለ ራሴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።) እንግዲህ ድህነት የገባበት ቃል በቀላሉ አይታጠብም።

ለማስታረቅ ያህል የአሜሪካኖቹን ታሪክ ነገርኳት። አላባማ ውስጥ «ጂስ ቤንድ» የሚባል፣ የአላባማ ወንዝ ዞር ብሎ እንደ ኪስ የያዘው መንደር አለ። ድሮ የባሪያ ፈንጋዮች የጥጥ እርሻ ነበር። የእነዚያ ባሮች የልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች፣ የባሎቻቸውን ያለቀ የሥራ ሱሪ፣ የዱቄት ከረጢት፣ ያገኙትን ሁሉ እየቀጣጠሉ ለብርድ መከላከያ ይሰፉ ነበር። ጉልበቱ ላይ የነጣው፣ ኪሱ የተነሣበት ቦታ ጠቁሮ የቀረው ሁሉ እንዳለ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚህ ልብሶች ሂዩስተን በሚገኝ ሙዚየም፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ዐሥሩን ቴምብር አደረጋቸው።

«የሥራ ሱሪ?» አለች እትዬ።

«የሥራ ሱሪ።»

ተነሥታ ከጥቅሉ ሥር የአባታችንን ካኪ አወጣች።

አባታችን እርሻው ላይ የቦይ ውኃ ከፋች ነበር። በሌሊት ፋኖስ ይዞ በቦዩ ዳር እየሄደ፣ ለየትኛው ማሳ ስንት ሰዓት ውኃ እንደሚለቀቅ የሚቆጣጠር። እትዬ ራሷ በኋላ የተለቀመ ጥጥ መዛኝ ሆነች፤ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ለለቀማ የሚመጡት ወጣቶች ያመጡትን ጆንያ እየመዘነች ስትጽፍ ጡረታ ወጣች። ጥቅሉ ውስጥ ያለው እንግዲህ የዚህ ሁሉ ትርፍራፊ ነው። ካኪው። የእርዳታ ዱቄት የመጣበት፣ ፊደሉ ገና ያልለቀቀ ነጭ ከረጢት። የልጇ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። አቡጀዲ። አንድ ጥቁር ሻሽ። እና የእናታችን ቀሚስ።

የእናታችን ቀሚስ ላይ እመለሳለሁ። ለመመለስ አልቸኮልኩም፤ ምክንያቱን ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ሁሉንም አጠብን። ካልታጠበ ጨርቅ ጋር የታጠበውን የሰፋ ሰው በኋላ ያለቅሳል፤ አዲሱ ሲኮማተር ሌላውን ይሸበሽበዋል። ቀለም የሚለቅ እንደሆነም በርጥብ ነጭ ጨርቅ እየጫንን ሞከርነው። አንድ የሚያምር ቀይ ነበረ፣ ነጩን ጽጌረዳ አስመስሎት ቁጭ አለ፤ ተሰናበተ። ዩኒፎርሙ ፖሊስተር አለበት። ጥጥ የሚፈልገውን የካውያ ሙቀት ሲያገኝ ይንጨፈጨፋል፣ ስለዚህ ለብቻው ወደ ዳር ተደረገ። ሻሹና የሸማው ጨርቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ሸማ ስስ ነው። በመቀስ ገና ሲነካ ድሩና ማጉ ይለያያል፣ ሰያፍ ከተቆረጠማ እንደ ሊጥ ይለጠጣል። የልጅቷ ንድፍ ለዚህ መላ ነበረው። ከሥር አቡጀዲ አንጥፎ በእሱ ላይ መስፋት ነው። አቡጀዲው ይሸከማል፣ ሸማው ይታያል።

(አቡጀዲን ካነሣን አይቀር፣ የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል ይህንኑ የአዋሽ በረሃ አቋርጦ ሲመጣ፣ አገሩ ለእኛ ከሚሸጠው ዕቃ ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ ነበር።)

ጥጡም እንደዚያው ነው። ልጅቷ «መሐሉን ተዉት፣ እኔ እዚህ የፋብሪካ እገዛለሁ» ብላ ነበር። እትዬ አሻፈረኝ አለች፤ ውስጡ የመልካ ወረር ጥጥ ካልሆነማ ምን ዋጋ አለው! ጥጡን ከጎረቤት አምጥታ እናታችን እንደምታደርገው በብረት ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ ባዘቶ አደረገችው። የእጅ ባዘቶ በፋብሪካ እንደ ተያያዘው አይደለም፤ ሲታጠብ ሸርተት እያለ ጥግ ላይ ይቋጠራል። መድኃኒቱ የመርፌውን መሥመር ማቀራረብ ነው፤ በየአራት ጣቱ። ሥራው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አንድ ምሽት ለነገር ያህል «እትዬ፣ ይሄ የአገራችን ጥጥ የምትይው እኮ ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ በዚህ ሸለቆ ለዓመታት የተዘሩት አካላ ኤስ ጄ 2 የካሊፎርኒያ፣ ዴልታፓይን 90 የሚሲሲፒ ልጆች ናቸው፤ የወረር የግብርና ምርምር ማዕከል ሲፈትናቸው የኖሩ። እናቶቻችን በደጋ የሚፈትሉት የጥንቱ ጥጥ ቃጫው አጠር ያለ፣ ሌላ ዝርያ ነበር።

«ታዲያ ምን አለበት፣ አገሩ ይመለስ» አለችና መንደፏን ቀጠለች።

ሻሹን የሰጠቻት አፋር ጎረቤቷ ናቸው፤ ያገቡ ሴቶች የሚከናነቡት ጥቁር ሻሽ። እሳቸው አንድ ማታ መጥተው ካሬዎቹን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ሰፌትና ዘንባባ የሚያውቅ ጣት ነው፤ የአፋርን ቤት ምንጣፉን ሰፍታ የምታቆመው ሴቷ ናት። የስፌቱን ጀርባ ገልብጠው አይተው «ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ካኪውን ጠየቁ፣ የማን ነው ብለው። እትዬ ነገረቻቸው።

«ውኃ ከፋቹ» አሉ። «አውቃቸዋለሁ። እኔ ልጅ ሆኜ ፍየል የማግደው እዚያ ነበር፣ እሳቸው ውኃ የሚለቁበት።»

ምንም አልጨመሩም፤ ሻያቸውን ጠጡ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ ወንዙ ዳር እየተመነጠረ ጥጥ ሲዘራ፣ ያ መሬት ባዶ አልነበረም፤ የአፋር ከብት በበጋ የሚተርፍበት ግጦሽ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ ወንዙ ዳር መድረስ ያቃተው ከብት አለቀ። ይህንን አንብቤዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁም ማለት ይቻላል። አባቴ ፋኖሱን ይዞ የሚሄድበትን ቦይ ግን ከዚህ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ማሳው ላይ ሸንኮራም ገብቷል፣ አንዳንዱን ጨው አበላሽቶታል፣ ዳር ዳሩን ፕሮሶፒስ ወሮታል።

ከንድፎቹ አንዱ መሐሉ ላይ ትንሽ ካሬ ሆኖ፣ ዙሪያውን በቀጫጭን ቁራጭ እየተከበበ የሚያድግ ነው። የእንጨት ቤት ይሉታል፤ መሐሉ ቀይ ይሆናል፣ የምድጃው እሳት ነው እየተባለ። እኛ ቀያችንን አሰናብተናል። እትዬ ጠዋት ስነሣ ካኪውንና ጥቁሩን ቆርጣ ጨርሳ አገኘኋት። መሐሉ ላይ ጥቁሩን አድርጋለች፣ ካኪው ይዞረዋል። «ተገልብጦ ቢሆን አይሻልም?» አልኳት። «እሳቸው ናቸው ቀድመው የነበሩት» አለችኝ። በአቀማመጥ ጉዳይ ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም።

እሺ፣ ቀሚሱ።

እናታችን ሁለት ቀሚስ ነው የተወችው፤ ሁለቱም ራሷ ፈትላ ያሠራቻቸው። አንዱ የዘወትር ነጭ፣ ሌላው የዓመት በዓል፣ ጥለቱ እስከ ደረቱ የሚወጣ። ስትሞት የበዓሉን እኔ ወሰድኩ። «እዚህ ብናኝ ይበላዋል፣ አዲስ አበባ በክብር ይቀመጣል፣ ቅርስ ነው» ብዬ። መምህር ስለነበርኩ ማንም አልተቃወመኝም። ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ከስንት ክረምት በኋላ ብከፍተው ሻጋታ ግማሹን አጥቁሮት፣ አይጥ በቀረው ጎጆ ሠርታበታለች። ያንን ለማንም ሳልናገር አራት ዓመት ሆነኝ።

እትዬ ስትደውል «ያንቺንም ይዘሽው ነይ፣ ከሁለቱ እንመርጣለን» ብላ ነበር። እኔም ረሳሁት ብዬ ሦስት ቀን ዋሸሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ከአይጥ የተረፈው አንድ ስንዝር ጥለት በመሐረብ ተጠቅልሎ ነበር። ለምን ይዤው እንደሄድኩ አትጠይቁኝ።

በአራተኛው ሌሊት፣ ግቢ ውስጥ፣ አምፖሉ ላይ ነፍሳት እየተጋጩ፣ ነገርኳት። መሐረቡንም ፈታሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

«እኔ ይሄንን» አለች የዘወትሩን እያነሣች፣ «በየዓመት በዓሉ የለበስኩት፣ በየልቅሶው የለበስኩት፣ ክርኑ እስኪበሳ የለበስኩት፣ ያኛው ደህና ነው ብዬ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም። መቀሱን አንሥታ፣ እኔ ለመቁረጥ ሦስት ቀን ሙሉ ስከራከርበት የነበረውን ቀሚስ ከወገቡ ጀምራ ድሩን ተከትላ ቆረጠችው። ክርኑ የተበሳውን እንኳን አልጣለችም፤ ቀዳዳውን ከጀርባ በአቡጀዲ ደግፋ አስገባችው። የመሐሉ ካሬ እሱ ሆነ። ጥለቱን በላዩ ላይ ለጥፋ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፈች፣ በማይታይ ጥቅጥቅ ስፌት በእጇ ዞረችው። ሁለት ሌሊት ፈጀባት። እኔን አላስነካችኝም።

ለእኔ የተሰጠኝ የወረቀቱ ሥራ ነው። በወረቀት ላይ የሚሠራው ካሬ ስድስት ጎን ያላቸው ትንንሽ ቁራጮች ነው የሚፈልገው፤ ጨርቁ በወረቀቱ ላይ ይታጠፍና ጠርዝ ከጠርዝ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ወረቀቱ ይወጣል። ለዚህ ያገለግላል ብላ ያወጣችው ደግሞ ለዓመታት ያጠራቀመቻቸውን የእኔን ዓምድ ያለባቸውን ጋዜጦች ነው። ስለ ትዳር የጻፍኩትን፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ የጻፍኩትን እየቆረጥኩ አቀብላት ጀመር። ጋዜጣ ስስ ስለሆነ ጨርቁን አይሸከምም፤ ሁለት ሦስት አድርገን ደራረብነው። «ያንቺ ጽሑፍ ብቻውን አይቆምም» አለችና በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ልብሱ በነሐሴ በሰው እጅ ሚኒሶታ ደረሰ። ልጅቷ ደውላ ስታመሰግን እኔም እዚያው ነበርኩ።

«እማዬ፣ አንዱ ጥግ ላይ ሲታጠፍ ይንኮሻኮሻል። ወረቀት ረስታችሁ ነው መሰለኝ፤ ልተርትረው?»

«ተይው» አለች እትዬ። «አክስትሽ ናት።»