«ረን» በሕመምተኛ አፍ

ኅዳር 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

የማታው ክፍል ዛሬ ሞልቷል። አብዛኞቹ ከተረኝነት በቀጥታ የመጡ ነርሶች ናቸው። የሚዘጋጁት ለኦኢቲ፣ ለጤና ባለሙያዎች ተብሎ ለተሰናዳው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። በፈተናው የንግግር ክፍል ተፈታኟ ነርስ ሆና፣ አብሯት ያለው ሰው ደግሞ ሕመምተኛ ወይም አስታማሚ ሆኖ ይነጋገራሉ። እኔም አባት ሆንኩና ከፊት ለተቀመጠችው ሲስተር «ልጄ ከትናንት ጀምሮ ረኒንግ ኤ ቴምፕሬቸር ነው» አልኳት፣ ትኩሳት ይዞታል ለማለት፣ ሙሉውን በእንግሊዝኛ። ትንሽ ዝም አለች።

«ጋሼ፣ ልጁ ከሮጠ ደኅና ነው ማለት አይደል?»

የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሌሎቹም የጠበቁት ያንኑ ነው። ይህች ልጅ በሕፃናት ክፍል ዓመታት የሠራች ናት። ኒሞኒያ፣ ዲሃይድሬሽን፣ ኮንቨልሽን በላት፣ አንዱም አያደናቅፋትም። ያቆማት ልጆች በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው የሚያገኙት «ረን»፣ መሮጥ የሚለው ቃል ነው። ለነገሩ የሕክምናውን ቃል ከመምህሮቿ ሰምታዋለች፤ ይኼኛውን ግን የሚናገረው ሕመምተኛው ነው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ ደግሞ እስካሁን አልገጠማትም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሲስተር የ«ረን»ን ተመሳሳይ ቃላት ከስልኳ ወደ ደብተሯ ገልብጣ መጣች፦ ስፕሪንት፣ ዳሽ፣ ፍሊ፣ ፍሎው፣ ማኔጅ፣ ኦፐሬት፤ ገጹን ሞልታዋለች። ስትሸመድድ ማምሸቷ ያስታውቃል። አንጀቴን በላችው። ዝርዝሩ ውሸት የለበትም፤ ነገር ግን የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ አይናገርም። ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አንሥታ በ«ቴምፕሬቸር» ፊት ብታስቀምጠው የልጁ ትኩሳት አይወጣላትም።

በዓለም የታወቀውን የእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ያዘጋጀው ፒተር ማርክ ሮዤ ራሱ ሐኪም እንደነበር ስነግራቸው ተገረሙ። የመጀመሪያውን ዝርዝር ለግል ሥራው ያሰናዳው እ.ኤ.አ. በ1805 በማንቸስተር ሲያክም ሳለ ነው። ለሕዝብ ያሳተመው ግን በ1852፣ 73 ዓመት ሆኖት። ቃላቱን የመደባቸው በሐሳብ ነው፣ በ1,000 ርእሶች ሥር። ፍቺ አልጻፈላቸውም፣ መጻፍም አላስፈለገውም፤ መጽሐፉ የታሰበው ቋንቋውን አውቆ፣ ሐሳቡ በልቡ ሳለ ቃሉ ለጠፋበት ሰው ነውና። የእኔ ተማሪዎች ችግር ተቃራኒው ነው፤ ቃሉ ከሰው አፍ ወጥቶ ፊታቸው ቆሟል፣ የጠፋቸው ሐሳቡ ነው። እንዲህ ላለ ተማሪ የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ማደል ጉልበቱን ማባከን ይመስለኛል። የፈተና መሰናዶ መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ቀኑን ሙሉ «ረን» ያለበት ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ዋልኩ።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር «ረን»ን ሲያሻሽል፣ ግሱ ብቻ 645 ፍቺ ወጥቶለታል፤ ሥራውም ከዘጠኝ ወር በላይ ወስዷል። ቃሉ እንዲህ የተንዠረገገው በእግር ሩጫ አይደለም። ባቡር መጣ፣ የፋብሪካ ሞተር መጣ፣ በኋላም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ፤ እንግሊዝኛ ሁሉንም «ረን» አሰኛቸው። ድርጅት የሚመራው፣ ለምርጫ የሚወዳደረው፣ ከመደርደሪያ ያለቀው መድኃኒት ሳይቀር በዚሁ ግስ ይነገራል።

ለክፍሌ የሚያስፈልጉኝ የሐኪም ቤቶቹ ናቸው። ስደረድራቸው ያየሁት ነገር ደስ አሰኘኝ፤ ብዙዎቹን በአማርኛ የሚገጥማቸው «ሮጠ» ሳይሆን «ወረደ» ነው። ንፍጥ ይወርዳል፤ እንባ ይወርዳል፤ ከቧንቧው ውሃ ይወርዳል፤ በሽታውም በዘር ይወርዳል። እንግሊዝኛው አራቱንም «ረን» ይላል። የቀሩት እንዲህ አልተገሩልኝም። «ረን ኤ ቴስት» ምርመራ መሥራት ነው፤ «ረን ዳውን» አቅም ማጣት፣ መዛል፤ «ረን አውት» ማለቅ። እነዚህን በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ከማስያዝ በቀር መንገድ የለም።

ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የሄደውም በዚሁ መንገድ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ፣ በዚያ ቦታ አማርኛ ምን እንደሚል ያሳያል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ለማስተማር ስቀመጥ ከእጄ የማይለየው እሱ ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት

ከተማው ገና በጠዋቱ በጭስ ታፍኗል። በየሰፈሩ ቆሻሻው ተጠርጎ እየነደደ ነው፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። ማታ ክፍል ስንገባ የግማሾቻችን አፍንጫ ይወርድ ነበር፤ «ረኒ ኖዝ»ን ማስረዳት አላስቸገረኝም።

ዛሬ በአማርኛ ጀመርን። ሕመምተኞቻችሁ እንዴት ነው የሚነግሯችሁ ብዬ ጠየቅሁ፤ ክፍሉ ሞቀ። ሆዴን ይቆርጠኛል። ጎኔን ይወጋኛል። ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል። ጀርባዬን ይበላኛል። ጥግ የተቀመጠው ወጣት ነርስ «ያስቀምጠኛል» ሲል ሁሉም በአንድ አፍ «ተቅማጥ!» አሉ። አማርኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ የውጭ ሐኪም ይህን ቢሰማ ወንበር ሊያቀርብ ይችላል አልኳቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ዳይሪያ ከማለት ይልቅ «ዘ ረንስ» ሊላችሁ ይችላል፤ ቃሉን ከሰማችሁ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ደም እንዳለው፣ ፈሳሽ እየጠጣ እንደሆነ ጠይቁ።

ሲስተር እንደገና ተነሣች፣ እኔም እንደገና አባት ሆንኩ። አሁን «ረኒንግ ኤ ቴምፕሬቸር» ስላት ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ አንቀጥቅጦት እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሰጠሁት አከታትላ ጠየቀችኝ። የጥያቄዎቿ ቅደም ተከተል የሕፃናት ክፍል ነርስ ነው። እንግሊዝኛዋ አሁንም ይሰባበራል፤ ሥራዋን ግን ይዛዋለች።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ያ ወጣት ነርስ ዛሬ «ፓስ»ን አመጣ። «ፓስድ አውት» ሲባል ሰውየው ራሱን ስቷል፤ «ፓስድ አወይ» ሲባል አርፏል። ሽንት መሽናትም፣ ዓይነ ምድር መውጣትም፣ ፈተና ማለፍም በዚሁ በ«ፓስ» ነው። «ፓስድ አውት»ንና «ፓስድ አወይ»ን ማደባለቅ በአስታማሚ ፊት ምን እንደሚያስከትል ማብራራት አላስፈለገኝም፤ መርዶ ነጋሪ መሆን ምን እንደሆነ እነዚህ ሰዎች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የሐሙሱን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለ«ፓስ» ሰጥቼዋለሁ፤ የምንለማመድበትን ንግግር ዛሬ ማታ እጽፋለሁ።