በጅቡቲ ሐሩር ዛፍ መለየት፤ ከተሞክሮዬ

ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ዝናብና ጭቃ ነው። ጅቡቲ ከተማ ግን በዚያው ሰሞን ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣባታል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱም ከእኛ ክረምት ጋር አይገጥምም። አቧራው የዛፉን ሁሉ መልክ አንድ ዓይነት ስለሚያደርገው፣ ዛፍን በአረንጓዴነቱና በአበባው መለየት የለመደ የደጋ ሰው ግራ ይገባዋል። እኔ በዚህች ከተማ ጥላ ፍለጋ ስዞር የያዝኳቸው መለያዎች እነዚህ ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት አንዱ ቅጠል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በአንድ ቀጭን ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ትንንሾች እያንዳንዳቸውን ቅጠል ይላቸዋል። አይደሉም። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚጋጠምበት ብብት ላይ ትንሽ ጉጥ ትገኛለች፤ ነገ ቅርንጫፍ የምትሆነው እሷ ናት። ጉጥ የሌለው ነገር የቅጠል ክፋይ ነው እንጂ ቅጠል አይደለም። ይህን ካወቅን በኋላ ጥያቄው ቀላል ነው። ቅጠሉ ጭራሽ አልተከፈለም? አንድ ጊዜ ተከፍሏል? ወይስ ክፋዩ እንደገና ተከፍሏል? በዚህ ብቻ የከተማዋን ዛፎች በሦስት መመደብ ይቻላል።

2. ኒም አንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው። ከሰዓት በኋላ ሰዎች ካርቶን ዘርግተው የተቀመጡበት ጥላ ካያችሁ፣ ከራሳችሁ በላይ ያለው ኒም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በዚህ ሐሩር እንደ እሱ ቅጠሉን ይዞ የሚቆም ጥቂት ነው። ክፋዮቹ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ አለው፤ ወደ አንድ ወገን ጎበጥ ይላሉ፤ ግርጌያቸውም አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ያለ ነው። ሮቃም አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የእሱ ክፋዮች ግን ትንንሽ፣ ጫፋቸው ዱልዱም፣ ጠርዛቸውም ለስላሳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አገር ቤት በብዙ ከተሞች ኒም እየተባለ የሚጠራው ሌላ ዛፍ ነው፤ ሚሊያ ይባላል። ዘመዳሞች ናቸው፤ ይሁንና የሚሊያ ቅጠል ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ክብ ቢጫ ፍሬውም ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ እንኳ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ያ ፍሬ ለሰው መርዝ ነው። «የኒም ቅጠል ለመድኃኒት» እያለ ከወዲያ የሚያስመጣ ሰው መጀመሪያ አንዱን ቅጠል ዘርግቶ ክፍፍሉን ይቁጠር።

3. የድሬዳዋ ዛፍን ሲያብብ ማንም ያውቀዋል። ቀይ አበባው ከወደቀ በኋላ ግን ከግራር ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ሁለቱም ቅጠላቸው ሁለት ጊዜ የተከፈለ፣ ክፋዮቹም ደቃቅ ናቸውና። ቅርንጫፉን በእጅ መዳሰስ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ እሾህ የለውም። ፍሬው ደግሞ ክንድ የሚያህል፣ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራና ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ተንጠልጥሎ ይገኛል። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጅቡቲ ተነሥቶ የደረሰባት ድሬዳዋ ስሟን ብትሰጠውም፣ የዛፉ ትውልድ ማዳጋስካር ነው። የድሬዳዋን የከዚራ ሰፈር የሚያውቅ ሰው ዛፉን እዚህ ሲያገኘው ሆዱ ባር ባር ማለቱ አይቀርም።

4. እሾህ ሲኖር ረጋ ማለት ይሻላል። ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣ ሰው ናጋድ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት በመስኮቱ የሚያያቸው እሾሃማ ዛፎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው፦ ግራርና ፕሮሶፒስ። አንዱ የአገሬው፣ ሌላው መጤ። አናቱ እንደ ጃንጥላ ጠፍጣፋ የሆነው ግራር ሁለት ዓይነት እሾህ አለው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ነጭ፣ ከእሱ ጋር ተቀላቅሎ ደግሞ አጭርና ቆልማማ። ፍሬው ይጠመዘዛል፤ አበባው ክብና ነጣ ያለ ነው።

ከአሜሪካ ምድር የመጣው ፕሮሶፒስ ደግሞ እሾሁ ቀጥ ያለ ብቻ ነው። አበባው ቢጫ ሆኖ ዘለግ ብሎ ይንጠለጠላል። ፍሬው ቢጫ፣ ቀጥ ያለ ወይም ትንሽ የጎበጠ፣ ሲቀምሱት ጣፋጭ ነው። ተንኮሉም ያለው ጣፋጭነቱ ላይ ነው። ፍየል ይበላዋል፣ ዘሩ ሳይሰበር ከበጠጡ ጋር ይወጣል፣ በወደቀበት ይበቅላል። በአዋሽ ተፋሰስ የአፋር አርብቶ አደር ግጦሹን የተነጠቀው በዚህ መንገድ ነው። ሥሩ ጥልቅ ውኃ ስለሚያገኝ ሐሩሩ አይበግረውም። በነሐሴ፣ ዙሪያው ሁሉ ጠውልጎ እሱ ብቻ ለምልሞ የቆመ እሾሃማ ዛፍ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ጥላው ጥሩ ነው፣ ከሰሉም ጥሩ ነው ብለው የሚሟገቱኝ ጎረቤቶች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ሳይጠሩት የሚገባ እንግዳ ነው።

5. ቁርቁራ፦ ቅጠሉ ያልተከፈለ፣ ከግርጌው ሦስት ጅማቶች አብረው የሚነሡ። ጥንድ እሾሁ አንዱ ቀጥ ያለ አንዱ ቆልማማ ነው። ልብስ ይይዛል።

6. አፍንጫ ከዓይን የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ገበያ ውስጥ በእስር የሚሸጠው መፋቂያ የሚገኝበት ዛፍ ቅጠሉ ወፍራም፣ ውኃ የቋጠረና ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ የሚበቅል ነው፤ ሲጨፈልቁት ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። ይህን ብልሃት ግን ጦቢያው ላይ እንዳትሞክሩት። ባዶ መሬትና መንገድ ዳር የሚበዛው፣ ሰፋፊና ወፍራም ግራጫማ ቅጠል ያለው፣ አበባው ነጭና ሐምራዊ፣ ፍሬው በአየር የተነፋው እሱ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይፈሰዋል፤ ወተቱ መርዝ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች ፍሬውን እያፈነዱ ሲጫወቱ ማስጣል ያስፈልጋል።

7. ባሕር ዳር ጨው መለያ ይሆናል። ሙሻ ደሴት የሄደ ሰው ጭቃና ጨዋማ ውኃ ውስጥ የቆሙትን ማንግሮቮች ያያል። የአንዳንዶቹ ቅጠል ጀርባው ብርማ ነው፤ ፊቱን በጣት ሲያብሱት ጨው ይቀራል፤ ዛፉ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ያስወጣዋል። ከጭቃው ሽቅብ የቆሙት ቀጫጭን ነገሮችም ቡቃያ ሳይሆኑ መተንፈሻ ሥሮች ናቸውና አትርገጧቸው።

8. የጥድ ነገር። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የምናውቀው የሐበሻ ጥድ ጅቡቲም አለ፤ ከተማዋ ውስጥ ሳይሆን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በጎዳ ተራሮች ላይ ባለው የዴይ ጫካ። በሐሩር ወራት የከተማው ሰው ነፋሻ አየር ፍለጋ ወደዚያ ይወጣል። የዛፉ ቅጠል እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ቅርንጫፉን የሸፈነ፣ ሲጨፈልቁት ሽታው ወዲያው የሚታወቅ ነው። ዴይ ላይ ካለው ጥድ ግን አብዛኛው ቆሞ ደርቋል፤ ሕያው ሆኖ ማየት የሚፈልግ ሰው ጉዞውን ባያዘገይ ይሻላል።