ደም ቅዳ፣ ደም መልስ

በወጣቶች ኅብረት ፊት ቆማችሁ የምታስተምሩ ከሆነ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። «አላውቅም» ማለት እንደኛ ላለ ሰው ይከብዳልና።

አሜሪካ የመጣሁት አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ፣ ቀን ለጦር ሠራዊቱ መግቢያ ፈተና እዘጋጅ ነበር። ፈተናው አስቫብ ይባላል። ከክፍሎቹ አንዱ ጠቅላላ ሳይንስ ነው፤ ስለ ሕይወት፣ ስለ ምድርና ሕዋ፣ ስለ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ይጠይቃል። ለመግባት ብቻ ከሆነ የሚታየው የሂሳብና የቋንቋ ውጤት ነው። እኔ ግን ቁስለኛ የሚረዳ ወታደር መሆን ስለፈለግሁ ሳይንሱም ይቆጠርብኝ ነበር።

አልፈራሁም፤ ሳይንስ ሸምድጃለሁ። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ መለማመጃውን ሠራሁ። በወረቀት ሲሰጥ 25 ጥያቄ በ11 ደቂቃ ነው። ያገኘሁት 12 ብቻ! ጥያቄው «ሚቶኮንድሪያ ምን ይሠራል?» ቢለኝ ኖሮ «ለሴል ኃይል ያመነጫል» እል ነበር። እሱ ግን «ከቆዳና ከጡንቻ ሴል ብዙ ሚቶኮንድሪያ ያለው የትኛው ነው?» አለኝ። ብዙ ኃይል የሚፈልገው ጡንቻ መሆኑን ለማሰብ እንኳ አልሞከርኩም።

ቅዳሜ ከፕሮግራም በኋላ፣ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ መጽሐፌን አየችው። እዚሁ የተወለደች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት።

«አርተሪ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ኦክስጅን ያለው ደም የሚሸከም» አልኳት ፈጠን ብዬ።

«ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደውስ? ደሙ ኦክስጅን ያነሰው ነው፤ ግን አርተሪ ነው።»

ወሬ ልቀይር አማረኝ። አስተማሪዋ እኔ ነኛ! ከብዙ ዝምታ በኋላ ግን «አላውቅም፤ አስረጂኝ» አልኳት።

ጭብጧን እንደ ልብ አድርጋ አሳየችኝ። ከልብ የሚወጣው አርተሪ፣ ወደ ልብ የሚገባው ቬይን ነው። ስሙን የሚሰጠው የደሙ ዓይነት ሳይሆን አቅጣጫው ነው። ያን ጊዜ የልጅነት ትምህርቴ ትዝ አለኝ። በአማርኛ አርተሪ «ደም ቅዳ»፣ ቬይን «ደም መልስ» ነው። አንዱ ቀድቶ ይወስዳል፣ ሌላው ይመልሳል። መልሱ በገዛ ቋንቋዬ አብሮኝ ኖሯል፤ ስሙን ሸመደድኩት እንጂ አላዳመጥኩትም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ሳይንስ ታስረዳኛለች፣ እኔ አማርኛ አስነብባታለሁ። ፈተናውን አለፍኩ፤ የፈለግሁትም ሥራ ደረሰኝ።

ሥልጠናው ቴክሳስ ነበር። ደም ቅዳ ሲቆረጥ ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ከልብ ምት ጋር እንደሚፈናጠር፣ ከደም መልስ ግን ጠቆር ብሎ እንደሚፈስ ተማርን። ሌሎች ማስታወሻ ሲይዙ እኔ የአንዲት ልጅ ጭብጥ ይታየኝ ነበር። ልብ ገፍቶ የሚልከው ይፈናጠራል፤ ይህን መሸምደድ አላስፈለገኝም።

እናንተስ፣ ከምታስተምሯቸው ታናናሾች መካከል «አስረጂኝ» ወይም «አስረዳኝ» ያላችሁት ማንን ነው? እስካሁን ማንንም ካላላችሁ፣ የፊታችን ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።